የጋሽ ኑሪ ምልክት

ሙስበሃዋ እኔ ዘንድ እንዳለች ለምን አልተናገርኩም?

ይህን ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ መልስ አላገኘሁለትም። ፈርቼ ነው እንዳልል አልፈራሁም። ጋሽ ኑሪ ልጅ ሲቆጡ እንኳ አይቼ አላውቅም፤ እናቴም ብትቆጣ ቁጣዋ ከምሳ እስከ ራት አይቆይም። ረስቼው ነው እንዳልል አንድም ቀን አልረሳሁትም። ልጅ ስለነበርሽ ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ያን ዓመት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በእኛ ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አይደለችም፤ ውሃ ቀድታ፣ ራት አብስላ፣ ታናናሾች ካሏት አጥባ የምታስተኛ ሰው ናት። እኔ ታናናሾች እንኳ አልነበሩኝም። ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ።

ባለፈው ክረምት ቤት ስቀይር መጻሕፍቴን የምከትበት አጣሁና አሥር የቃጫ ጆንያ አስገዛሁ። የመጀመሪያውን ገልብጬ ለማራገፍ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ የላምባ፣ የደረቀ ሣር፣ የጤፍ ብናኝ ሽታ። ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆይቼ ተነሣሁና ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጣሁ። ውስጧ ምን እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

* * *

መንግሥት ከተለወጠ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት ነው። እናቴ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትጥፍ ነበር። የተቀደደው ይመጣላታል፤ እንደ ጣት በወፈረ መርፌና በሲባጎ እየጣፈች ከጎኗ ትከምራለች። የእኔ ሥራ ጆንያውን ገልብጦ ማራገፍ፣ ሲባጎ መቁረጥና መርፌው ዓይን ውስጥ ማስገባት ነበር። ከጆንያው ጥግ ጥግ የሚራገፈውን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በሻሽ ቋጥሬ ቤት እወስዳለሁ። ራታችን ምን እንደሚሆን የሚወስነው የዚያን ቀን የተቀደደው ጆንያ ነበር።

መጋዘኑን የያዙት ጋሽ ይመር ናቸው። እንደ እኛ ከወሎ፣ ከከሚሴ በኩል የመጡ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሰው። ክረምት ከበጋ አንድ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። ጆንያዎቹና አብዛኛው እህል ደግሞ የጋሽ ኑሪ ናቸው። ጋሽ ኑሪ የስልጤ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ሆዳቸው ቀደም ቀደም የሚል፣ ሲስቁ የሱቃቸው ሚዛን የሚንቀጠቀጥ። ሱቃቸው ከመጋዘኑ ወደ ላይ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ያችን ሁለት መቶ እርምጃ ግን በሥራ ሰዓት መሄድ አይችሉም፤ ሱቁን ማን ይጠብቅ? ስለዚህ እህልም ሆነ ጆንያ ሲፈልጉ ሰው ይልካሉ።

የሚላከው ሰው ምልክት ይዞ ይሄዳል። ስልክ ያለው ትልቁ አስመጪ ብቻ ነው፤ ወረቀት ቢጻፍም ጋሽ ይመር አያነቡም። እናም እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ምልክት አለው። የአንዱ ኮፍያው ነው፤ የሌላው ጥርሷ የረገፈ ማበጠሪያ ናት። የጋሽ ኑሪ ሙስበሃቸው ናት፤ ከሶላት በኋላ አላህን የሚያወሱባት መቁጠሪያ። ተሸካሚም ይሁን የሰፈር ልጅ፣ ያችን ይዞ ከመጣ ጋሽ ይመር ተቀብለው ያያሉ፣ በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ለመጣው ሰው መልሰው ይሰጡታል፤ ከዚያ በሩን ይከፍታሉ። ምንም አይጠይቁም። መጠየቅ ነውር ነው።

ሙስበሃዋን ማንም አስመስሎ ሊሠራት አይችልም ነበር። ከሠላሳ ሦስቱ ፍሬዎች አንዷ ፍሬ አይደለችም፤ የካፖርት አዝራር ናት። እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው አሉ፤ አንዷ ፍሬ ጋሪ ሄዶባት ስትደቅ ጋሽ ይመር ወዲያው ከደረታቸው ላይ አዝራር በጥሰው አስገቡላቸው። ከዚያ ወዲህ ካፖርቱ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚያያዘው፤ ሙስበሃዋም ሌላ ሙስበሃ የማይመስላት ሆነች። ጋሽ ኑሪ ሲቆጥሩ አውራ ጣታቸው አዝራሯ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች።

"ምነው ቆምክ?" ይላሉ ጋሽ ይመር።

"አንተ ጋ ደረስኩ።"

"እንግዲያ ዱዓ አድርግልኛ።"

"እያደረግሁ ነው። ካፖርት እንዲሰጥህ።"

ይህን ቀልድ በየሳምንቱ ይቀልዱታል፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይስቁበታል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። የመጋዘኑን ጓጉንቸር የምትከፍተው አዝራሯ ትመስለኝ ነበር። አለዚያማ ለአንዲት መቁጠሪያ እንዲያ ያለ የብረት በር ለምን ይከፈታል? አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ አዝራሯን ጓጉንቸሩ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ። አልከፈተችም። ቢስሚላህ ሳልል ቀርቼ ነው ብዬ እንደገና ሞከርኩ።

* * *

ያን ዓመት ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት። የክፍሌ ልጆች ሰባትና ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው እስከ ብብቴ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር ስለማይገባ በጎን ነው የምቀመጠው። እረፍት ላይ ይሰለፉና "እትዬ መዲና፣ እንዴት አደሩ? ልጆችዎ ደህና ናቸው?" እያሉ እጅ ይነሡኛል። ዝም እላቸዋለሁ። ዝም ማለት ያኔ የተማርኩት ሙያ ነው፤ ከፊደል በፊት።

ፊደሉ ግን አላስቸገረኝም። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማንበብ ቻልኩ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አነባለሁ። ቲቸር አልማዝ፣ የክፍላችን አስተማሪ፣ ይህን አይታ ለወላጆች ቀን ባዘጋጀችው ቲያትር ውስጥ አስገባችኝ። ቲያትሩን ራሷ ነው የጻፈችው። አንድ ንጉሥ ወደ ጦርነት ይሄዳል፤ ለግንቡ ጠባቂ "የአንገቴን ዶቃ ካላመጣ በቀር ለማንም አትክፈት" ብሎ ይሄዳል፤ ጠላት ዶቃውን ይሰርቅና በመልእክተኛ ይልከዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ቤተ መንግሥቱ ይጠፋል። እኔ መልእክተኛዋ ነኝ። የምናገረው ቃል የለኝም። ዶቃውን ወደ ላይ አንሥቼ ማሳየት ብቻ።

"ቃል የለኝም ብለሽ እንዳይከፋሽ፤" አለችኝ ቲቸር አልማዝ። "በድሮ ተውኔት ሰው ሰውን አያምንም፤ ዕቃውን ነው የሚያምነው። ከሁሉም በላይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

ለልምምድ የመጣው ዶቃ በክር የተሰካ በቆሎ ነበር። ሳነሣው አንድ ፍሬ ወለቀችና ግንቡን ይዞ የቆመው ልጅ አንሥቶ በላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እትዬ፣ ቆሎ ይዘው ነው ከተማ የሚያስከፍቱት?" አለኝ አንዱ። ቲቸር አልማዝ ራሷ ስቃ ሲያበቃ፣ "እውነተኛ ነገር ብናገኝ ጥሩ ነበር" አለች።

"እኔ አመጣለሁ" አልኩ።

ሳልጠየቅ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ኑሪ ሙስበሃዋን ሰጥተውኝ ሃያ ባዶ ጆንያ እንዳመጣ ላኩኝ። ጋሽ ይመር አዩዋት፣ አዝራሯን ዳበሷት፣ መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። "አብሽሪ መዲና። ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል?" አሉኝ። ደህና ነው አልኩ። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ተሸክሞ ቀደመኝ፤ እኔ ከኋላው እየሄድኩ ሙስበሃዋን ከቀሚሴ ሥር ያለችው ሱሪ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ቲያትሩ ቅዳሜ ነው። ሰኞ "ጋሽ ይመር ሰጡኝ" ብዬ እመልሳታለሁ። ያሰብኩት ይኸው ነው፤ ከዚህ ያለፈ ክፋት አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመከላከል ሳይሆን በትክክል መጻፍ ስላለበት ነው።

ጋሽ ኑሪ ሚዛኑን እያዩ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ።

"ሙስበሃዬ።"

"ጋሽ ይመር ጋ ቀረች።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየች። ከዚያ ቀና አሉ።

"ቀረች?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሱ ነው ያስቀራት?"

"አዎ።"

"ምን ብሎ?"

"ምንም አላሉም።"

"ምንም አላለም።" ይህን የተናገሩት ለእኔ አልነበረም። የተዘረጋች እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቷት፤ እዚያ የምትይዘው ነገር አጥታ መልሳ ወጣች። "ሂጂ በቃ፣ ሂጂ ወደ እናትሽ" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

አልተቆጡም፤ እንግዲያ ነገሩ ቀላል ነው አልኩ። እየዘለልኩ ወረድኩ።

ቅዳሜ ካርቶን ከካርቶን ተጣብቆ የተሠራው ግንብ ፊት ቆምኩ። እናቴ ሥራ ስለነበራት አልመጣችም፤ ደስ አለኝ። ሙስበሃዋን ወደ ላይ ሳነሣ በመስኮቱ የገባ ፀሐይ አዝራሯ ላይ አረፈ። እነዚያ "እትዬ" እያሉ የሚያላግጡብኝ ልጆች ወላጆቻቸው ጭን ላይ ሆነው አፋቸውን ከፈቱ። ጠባቂው አጎነበሰ። ካርቶኑ ለሁለት ተከፈለ። በዚያ መሐል ስገባ እኔ መዲና አልነበርኩም፤ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ሰው ሁሉ የሚታዘዘኝ ሌላ ሰው ነበርኩ። አጨበጨቡ። ከመድረክ ወርጄም ሙስበሃዋን ከእጄ አላወጣኋትም፤ ላቧ እጄ ላይ፣ ላቤ እሷ ላይ።

* * *

ሰኞ በኪሴ ይዣት ወደ እህል በረንዳ ስደርስ ተሸካሚዎች ከጋሽ ይመር መጋዘን የጋሽ ኑሪን ኩንታሎች እያወጡ ነው። እየወጡም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ መጋዘን ይገባሉ። ጋሽ ይመር በሩ ሥር ቆመው ያያሉ። አንድ ተሸካሚ ለሌላው፣

"ሰማህ? ይመር የኑሪን ምልክት አስቀረበት አሉ።"

"ተው ባክህ! ይመር?"

"ይመር። ያውም ምንም ሳይል።"

"ኧረ እንዴት ያለ ድፍረት ነው!"

እናቴ መርፌዋን እንደያዘች ወደ በሩ ታያለች። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"አንድ ሰው ምልክት ልኮልህ አልመልስም ካልክ፣ ከእንግዲህ በአንተ ስም የሚመጣ ደጄን አይርገጥ ማለት ነው" አለች፤ ለእኔ እየነገረች የምትመልሰው ለሌላ ሰው ይመስል ነበር። "በቃል ቢነግረው ይሻለው ነበር። በአደባባይ ከመስደብ ይብሳል። ሃያ ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች!"

"ጋሽ ኑሪ ለምን አይጠይቋቸውም?"

"ምን ብሎ? እንዲህ የተደረገበት ሰው ለምን እንዲህ አደረግህብኝ ብሎ ደጅ ይጠናል እንዴ?"

ሙስበሃዋ ጭኔ ላይ እንደ ፍም ናት። ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ "ሲባጎ ቁረጪ" አለችኝ፤ ቆረጥኩ። ከሲባጎው በኋላም ጊዜ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

ማታ ልንነሣ ስንል ጋሽ ይመር መጥተው እናቴ ፊት ተቀመጡ።

"ምን አደረግሁት?" አሉ። "አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። ምን በደልኩት?"

እናቴ ጆንያ እያጠፈች፣ "እርስዎ ያውቁታል" አለች።

"ወላሂ አላውቅም።"

"እንግዲህ ልብዎን ይጠይቁት።" ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። በሚቀጥለው ቀን ደጃፋቸውን ለቅቀን ማዶ፣ አዲሱ መጋዘን ፊት ተቀመጥን። ዝናብ ሲመጣ ያስገቡን፣ እኔን በክረምት ካፖርታቸው የሸፈኑኝ ሰው ናቸው። እናቴ ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን በግማሽ ነበር የምትመልሰው፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው። ሁሉም ያደረጉትን ያውቃል፤ ሁሉም እሳቸው ራሳቸው የሚያውቁት ስለመሰለው የሚነግራቸው አልተገኘም። ጋሽ ይመርም ሌላ ሰው አላስጨነቁም። የተጠላ ሰው ለምን ተጠላሁ ብሎ ሁለቴ አይጠይቅም።

ብዙ ቆይቼ፣ ማንበብ ሥራዬ ከሆነ በኋላ፣ በድሮ ተውኔቶች ውስጥ ይህን ነገር ደጋግሜ አገኘሁት። አንዲት መሐረብ፣ አንድ ቀለበት፣ አንድ ደብዳቤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ይጠፋፋሉ። አብረውኝ የሚያነቡ ሰዎች "እንዴት ነው አንዱ እንኳ 'ይህን ነገር ከየት አመጣኸው?' ብሎ የማይጠይቀው? የማይመስል ነው" ይላሉ። እኔ አልከራከራቸውም። አንገቴን እደፋለሁ።

* * *

ረመዳን ገባ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁለቱ ሰዎች በመጋዘኑ ደጃፍ ከአንድ ሳህን ነበር የሚያፈጥሩት፤ ቴምሩን ጋሽ ኑሪ ያመጣሉ፤ ሾርባውን ጋሽ ይመር ከጎረቤት ያስመጣሉ። እኔና እናቴም ከዳር እንቀመጣለን። ያን ረመዳን አዛን ሲል ጋሽ ይመር አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው በራቸው ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ላይ አያዩም። ወደ ላይ ደግሞ ጋሽ ኑሪ ሱቃቸው ውስጥ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ያፈጥራሉ።

አዲስ ሙስበሃ ገዝተዋል። ጨለማ ውስጥ የምታበራ አረንጓዴ ፕላስቲክ ናት፤ ፍሬዎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት። ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆም ትላለች። አየሁ። አንዴ ብቻ አይደለም ያየሁት።

በዒድ ዋዜማ ልመልሳት ቆረጥኩ። ሙስበሃዋን በጡጫዬ ይዤ ሱቃቸው ገባሁ።

"መጣሽ? ስፈልግሽ ነበር" አሉኝ። ከባንኮኒው ሥር ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ አወጡ። "አስተማሪሽ ሱቅ መጥታ ነበር፤ ከክፍሉ አንደኛ ናት አለችኝ። እውነት ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እዩዋት! ዘግይታ ገብታ ቀደመቻቸው። የዒድሽ ነው፤ ተቀበይ።"

ለመቀበል ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ደብተር በአንድ እጅ መቀበል ብልግና ነው። ጡጫዬን ወደ ኪሴ ከትቼ ባዶ አደረግኋትና ሁለቱን እጄን ዘረጋሁ። አላህ ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ደብተሮቹ ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልጻፍኩባቸውም።

* * *

ግንቦት ላይ ጋሽ ይመር መጋዘኑን ለቀቁ። የጋሽ ኑሪ እህል ከወጣ በኋላ ሌላውም ተከትሎ ነበር። ከሚሴ ያለች እህታቸው ና ብላቸዋለች። የሚሸኛቸው ሰው አልነበረም፤ እናቴ፣ መቼም የአገር ልጅ ናቸውና፣ "ሂጂ ዕቃቸውን ያዢላቸው" ብላ እኔን ላከችኝ። አንዲት ፌስታልና አንድ የጸሎት ምንጣፍ ነው ዕቃቸው።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ "ደሴ! ደሴ! የቀረ አንድ ሰው!" ይላል። ጋሽ ይመር በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ መርፌ ቁልፏ አለች። ሙስበሃዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ያን ቀን ልሰጣቸው ነበር የያዝኳት፤ ለእሳቸው ብሰጣቸው ይቀለኛል ብዬ።

"መዲና" አሉኝ፤ ወደ ታች ጎንበስ ብለው። "ኑሪ ሲቆጥር፣ ያቺ አዝራሬ ላይ ሲደርስ፣ አሁንም ቆም ይላል?"

እሳቸው የሚያውቁት ሙስበሃዋ ጋሽ ኑሪ እጅ እንዳለች ነው። መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጥፈውልኛል፤ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ?

"አዎ" አልኩ። "ይቆማሉ።"

ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። "አልሓምዱሊላህ። እንግዲያ አልጠላኝም፤ የሆነ ነገር ከፍቶት ነው። ሰላም በይልኝ። ዐፍው ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ በይው።" ፌስታሏንና ምንጣፉን በአንድ እጃቸው ተቀበሉኝ። ሌላዋ እጃቸው ባዶ ነበረች፤ ሌላም ነገር ልትቀበል ትችል ነበር። ረዳቱ በሩን በመዳፉ ሁለቴ መታው፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ጋሽ ኑሪ ሱቅ ደርሼ፣ "ጋሽ ይመር ሄዱ። ሰላም ብለዎታል። ዐፍው ይበሉኝ ብለዋል" አልኩ።

ሚዛኑ ላይ የነበረውን መለኪያ ድንጋይ አወረዱ። መልሰው ሰቀሉት።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም አላሉም።"

"ማለቴ… በአንቺ የላከው ዕቃ የለም? ምንም አልሰጠሽም?"

"አልሰጡኝም።"

እውነቴን ነበር። ያን ዓመት ለጋሽ ኑሪ ከተናገርኩት ነገር ሁሉ ከዚህች እውነት የከፋ አልነበረም። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጋሽ ይመር ከሚሴ ላይ ሞቱ የሚል ወሬ መጣ፤ የዚያን ዕለት ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። እናቴም ጋሽ ይመርን እንደ ክፉ ሰው እያሰበች፣ ሳልነግራት ሞተች።

* * *

መጻሕፍቱን በጆንያ ከትቼ አዲሱ ቤት ካስገባሁ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዋን ይዤ ሄድኩ። መርካቶ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሱቁ ግን አለ። ሚዛኑ ጋ የተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ናት። ጋሽ ኑሪ ከውስጥ፣ ኩንታል ላይ በተነጠፈ ጋቢ ላይ ተደግፈዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል።

"ማን ናት?"

"መዲና ነኝ ጋሼ። የጆንያ ጣፊዋ ልጅ።"

"ያቺ አንደኛዋ! ነይ፣ ነይ ቅረቢ።"

ቀርቤ ሙስበሃዋን ከቆርቆሮዋ አውጥቼ እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው። ምንድን ናት ብለው አልጠየቁም። አውራ ጣታቸው አንድ ሁለት እያለች ሄደች፤ አዝራሯ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅቱ ደንበኛ ትታ ዞር ብላ አየችን።

ነገርኳቸው። ሐሙሱን፣ ቲያትሩን፣ ሰኞውን፣ ደብተሮቹን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም በተራው፣ አንዱንም ሳላስጌጥ። ጋሽ ይመር ምን ብለው እንደጠየቁኝ ስነግራቸው ብቻ አቋረጡኝ።

"ምን አልሽው?"

"ይቆማሉ አልኳቸው።"

"በዚህ አልዋሸሽም" አሉ። "ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"አላውቅም ጋሼ። እስካሁን አላውቅም።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ጣታቸው አዝራሯ ላይ እንደቆመች ናት።

"ቲያትሩ ላይ፤" አሉ፣ "ይህችን ስታሳዪ በሩ ተከፈተልሽ?"

"ተከፈተልኝ።"

"ይመር በባዶ እጄ ብሄድም ይከፍትልኝ ነበር" አሉ። "ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።"